ቱርኩዝና አይቮሪ ብርጭቆ ሲነካኩ የሚወጣው ጥቁር መስመር፣ ከየት መጣ? ምንስ ይደረግ?

የብርጭቆ ዘንግ (ሮድ) በቶርች ነበልባል እያቀለጣችሁ ዶቃ የምትሰሩ ሰዎች፣ አይቮሪ (የዝሆን ጥርስ መልክ ያለው ብርጭቆ) ላይ የቱርኩዝ (አረንጓዴ የቀላቀለ ሰማያዊ ብርጭቆ) ነጥብ ስታስቀምጡ ዙሪያው ኩል እንደተኳለ አይን ጥቁር መስመር ከወጣበት ቆሻሻም ጥላሸትም አይደለም፣ ሮዱን ብታጥቡትም ለውጥ የለውም። ቱርኩዝ ቀለሙን የሚያገኘው ከመዳብ ነው፣ አይቮሪ ውስጥ ደግሞ ሰልፈር አለ፣ ቀልጠው ሲገናኙ የመዳብ ሰልፋይድ ይፈጠራል፣ እሱ ነው ጥቁሩ። ካድሚየም ያለባቸው ቢጫና ቀይ ሮዶችም ሰልፈር ስላላቸው ከቱርኩዝ ጋር እንደዚሁ ያደርጋሉ።

መስመሩን ካልፈለጋችሁት መሃል ላይ ክሊር፣ ማለትም ቀለም የሌለው ብርጭቆ፣ አስገቡ። መጀመሪያ አይቮሪው ላይ የክሊር ነጥብ ጣሉና አቅልጡት፣ ከዛ ቱርኩዙን ከክሊሩ አሳንሳችሁ አናቱ ላይ አስቀምጡ፣ ከክሊሩ ጠርዝ ካለፈ ያለፈበት ጋ ብቻ ይጠቁራል፣ ስለዚህ ለጠርዙ አትሰስቱ። ክሊር መደረብ ከሰለቻችሁ ቱርኩዙን ትታችሁ ኮባልት ሰማያዊ ተጠቀሙ፣ ከአይቮሪ ጋር እንዲህ አይጣላም። እኔ ግን መስመሩን በጣም ነው የምወደው፣ በብሩሽ የማይሳል ቀጭን ነገር ነው፣ ብቻ እሳት ላይ ካቆያችሁት እየሰፋ ስለሚሄድ ነጥቡ እንደተኛ ቶሎ አውጡት።

መስመር ሳይሆን የቱርኩዙ ፊት በሙሉ ቡናማ ቀይ ወይ ግራጫ ከለበሰስ? እዚህ ጋ ሰልፈር የለበትም፣ ኦክስጅን አንሶ ነው፣ መዳቡ ላይ ላዩን ወደ ንጹህ መዳብነት እየተመለሰ ነው። የነበልባሉ ጫፍ ቢጫ መሆኑ እስኪጠፋ ኦክስጅን ጨምሩና ዶቃውን ከቶርቹ አፍ ራቅ አድርጋችሁ ስሩ፣ ገና ሲጀምር ከደረሳችሁበት ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

የብር ፎይል አይቮሪ ላይ ቡናማና ጥቁር ድር ካበጀ ያው ነገር ነው፣ ብርም ከሰልፈር ጋር ይጠቁራል። ለድሩ ብለው ሆን ብለው የሚሰሩት ብዙ ናቸው፣ ካልፈለጋችሁት ግን መጀመሪያ ክሊር።

ዶቃው በማግስቱ ከተሰነጠቀ ቀለሞቹን አትጠርጥሩ። የሙራኖው ኤፌትሬ የሚባለው የብርጭቆ ምርት የመስፋፋት ቁጥሩ (ሲሞቅ ምን ያህል እንደሚሰፋ የሚያሳየው) 104 ነው፣ ቡልስአይ የሚባለው ደግሞ 90፣ እነዚህ አንድ ዶቃ ላይ አይሄዱም። የብርጭቆዎቹ ቁጥር እኩል ሆኖም ከተሰነጠቀ ኪልኑን (ዶቃው ቀስ ብሎ የሚቀዘቅዝበትን ምድጃ) እዩ፣ ኤፌትሬ 510 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ቆይቶ ቀስ እያለ ነው መቀዝቀዝ ያለበት።

አዲስ ሮድ ስትገዙ ደግሞ የቀለሙ መለያ ቁጥር ያው ቢሆንም አንዱ የምርት ዙር ከሌላው ስለሚለይ ትልቁን ስራ ከመጀመራችሁ በፊት ትንሽ ዶቃ ላይ ሞክሩት።