ስለ ባሕር ኃይልና ስለ መከላከያ ወጪ ሕዝባዊ ውይይት እንዴት ይመራል? ለድሬዳዋና ለሐረር አወያዮች

ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ስለ ቀይ ባሕር በይፋ ከተናገሩ ወዲህ የባሕር በርና የባሕር ኃይል ጉዳይ በድሬዳዋም በሐረርም ከቤት እስከ መሥሪያ ቤት የሚነሳ ርዕስ ሆኗል። በድሬዳዋ ጅቡቲ ዘመድ የሌለው፣ በባቡር መስመሩ ያልሠራ ወይም ከወደብ በሚመጣ ዕቃ ያልነገደ ቤተሰብ ማግኘት ስለማይቀል ነገሩ ለከተማዋ ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። ይሁን እንጂ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ «ባሕሩ የእኛ ነበር» በሚልና «ገንዘቡ ለዳቦ ይዋል» በሚል ወገን ተከፍሎ እዚያው ይቀራል። ይህ ጽሑፍ በትምህርት ቤት ክበብ፣ በወጣት ማዕከል ወይም በዕድር አዳራሽ ስለ ባሕር ኃይል ታሪክ፣ ስለ ጦር አመራርና ስለ መከላከያ ወጪ ውይይት ለመምራት ለሚያስብ ሰው የተዘጋጀ ነው። ምክሬ ውይይቱ «መርከብ እንግዛ ወይስ አንግዛ?» ከሚለው ጥያቄ እንዳይጀምር ነው። የሚቀድሙት ጥያቄዎች «ማን ያዝዛል? በየዓመቱ ምን ያህል ወጪ ይጠይቃል? ማንስ ይቆጣጠራል?» የሚሉት ናቸው፤ ይህንን ቅደም ተከተል ያስተማረን የራሳችን ታሪክ ነው።

አወያዩ ከሁሉ በፊት ታሪኩን በአንድ ገጽ ጽፎ ይያዝ። ገጹ ከ1945 ዓ.ም. ቢጀምር መልካም ነው፤ በዚያ ዓመት መስከረም ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትዋሐድ አገሪቱ የባሕር ዳርቻ አገኘች፤ እ.ኤ.አ. በ1955 ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ተመሠረተ። ዋናው የጦር ሰፈር በምጽዋ፣ የመኮንኖች ኮሌጁ በአሥመራ ነበር፤ በማደራጀቱና በማሠልጠኑ የኖርዌይ መኮንኖች ከፍተኛ ድርሻ ነበራቸው፤ የብሪታንያ ጡረተኛ የባሕር መኮንኖችም አማካሪ ሆነው ሠርተዋል። በጥር 1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የተገኘችው «ኢትዮጵያ» የተባለችው ትልቋ መርከብ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ለማገልገል የተሠራች ስትሆን የቀድሞ ስሟ «ኦርካ» ነበር። በየዓመቱ በምጽዋ ይከበር በነበረው የባሕር ኃይል ቀን የአሜሪካና የሶቪየት ኅብረት የጦር መርከቦች በአንድ ወደብ መልሕቃቸውን ይጥሉ እንደነበር መጥቀስም ይገባል፤ በዚያ ዘመን ባሕር ኃይሉ ከተኩስ ይልቅ የዲፕሎማሲ መሣሪያ እንደነበር ያሳያልና። በደርግ ዘመን አቅራቢዋ ሶቪየት ኅብረት ሆነች፤ ፔትያ የሚባሉ ሁለት ፍሪጌቶች (አጃቢ የጦር መርከቦች) እና ሚሳይል ተሸካሚ ጀልባዎች መጡ፤ ሶቪየቶችም በዳህላክ ደሴቶች የራሳቸውን ሰፈር ያዙ።

በዚህ ገጽ ላይ ከምሥረታው የበለጠ ቦታ ሊሰጠው የሚገባው ፍጻሜው ነው። ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. በኤርትራ ሕዝባዊ ግንባር ኃይሎች እጅ ወደቀች፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲፈርስ የቀሩት መርከቦች ወደ የመንና ወደ ሌሎች የጎረቤት ወደቦች ሸሹ። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ስትሆን ኢትዮጵያ ባሕር የሌላት፣ መርከብ ግን ያላት አገር ሆና ቀረች። የመን መርከቦቹ እንዲወጡላት ጠየቀች፤ ወደ ጅቡቲ የተወሰዱትም የወደብ ክፍያቸው ሳይከፈል ስለቆየ እ.ኤ.አ. በ1996 ጅቡቲ በጨረታ ሸጠቻቸው። አወያዩ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ተሳታፊዎቹን እንዲያስቡበት ይጠይቅ፤ አርባ ዓመት የተገነባ ኃይል የመጨረሻ ምዕራፉ በወደብ ዕዳ የተዘጋው እኛው ከድሬዳዋ በባቡር በምንደርስበት ወደብ ላይ ነው። መርከብ መግዛት አንድ ውሳኔ ሲሆን፣ መርከብን በየዓመቱ በነዳጅ፣ በመለዋወጫ፣ በደመወዝና በወደብ ክፍያ ማቆየት ግን ሌላና የሚከብድ ውሳኔ ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት ደጋግሞ እንደገለጸው፣ ከአንድ የጦር መሣሪያ ጠቅላላ የዕድሜ ልክ ወጪ 70 በመቶ ያህሉ ከግዢው በኋላ ለማንቀሳቀስና ለመጠገን የሚውል ነው። ይህ ቁጥር በጥቁር ሰሌዳው ራስጌ ተጽፎ እስከ ውይይቱ ማብቂያ ቢቆይ ይጠቅማል።

ስለ አመራር ሲነሳ ሰዎች ወዲያውኑ ወደ ግለሰብ ስም ይሄዳሉ፤ አወያዩ ግን ወደ ሥርዓቱ ይመልሳቸው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 74 ጠቅላይ ሚኒስትሩን የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ያደርጋል፤ አንቀጽ 87 ደግሞ የመከላከያ ሚኒስትር ሆኖ የሚሾመው ሰው ሲቪል እንዲሆን፣ ሠራዊቱም ከፖለቲካ ድርጅት ወገንተኝነት ነጻ ሆኖ ሥራውን እንዲያከናውን ያዝዛል። በ2011 ዓ.ም. ወይዘሮ አይሻ መሐመድ የመጀመሪያዋ ሴት የመከላከያ ሚኒስትር ሆነው ሲሾሙ «ወታደር ያልሆነ ሰው እንዴት ጦር ይመራል?» ያሉ ነበሩ። ጥያቄው ዛሬም ስለሚነሳ ሚኒስትሩ በጀትና ፖሊሲ የሚይዝ፣ ኤታማዦር ሹሙ ደግሞ ሠራዊቱን በሙያ የሚመራ መሆኑን ለይቶ ማስረዳት ያስፈልጋል። በባሕር ሕግም የአዛዡ ጉዳይ ቀላል አይደለም፤ የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት አንቀጽ 29 አንድን መርከብ የጦር መርከብ ከሚያሰኙት ነገሮች መካከል በመንግሥት በሕግ የተሾመ መኮንን ማዘዙንና መርከበኞቹ በመደበኛ ወታደራዊ ዲሲፕሊን ሥር መሆናቸውን ይቆጥራል።

አመራር ሲፈርስ ምን እንደሚከተል ለማሳየት ሁለት ቀኖች ይበቃሉ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ያለ ፍርድ ከረሸናቸው ባለሥልጣናት መካከል የባሕር ኃይሉ ምክትል አዛዥና የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ይገኙበታል። ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. ደግሞ የጄኔራሎቹ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከሸፈ፤ ጦሩ በሞትና በእስራት ብዙ ልምድ ያላቸውን አዛዦች አጣ፤ ምጽዋ የተያዘችው ከዚያ በኋላ ወደ ዘጠኝ ወር ገደማ ነው። ለምጽዋ መውደቅ ሌሎችም ምክንያቶች ስላሉ አወያዩ አንዱን ብቻ እንደ መልስ እንዳያቀርብ እመክራለሁ፤ ነገር ግን አዛዦቹን በጅምላ ያጣ ጦር የገዛው መሣሪያ እንደማያድነው ተሳታፊዎች ራሳቸው እንዲደርሱበት ማድረግ ይቻላል። ሐረር ላይ ለሚደረግ ውይይት የከተማዋን የጦር አካዳሚ ማንሳት ተገቢ ነው፤ በ1950 ዓ.ም. አካባቢ በሕንድ መኮንኖች አሠልጣኝነት የተከፈተው ይህ ተቋም መኮንንን የማፍራት ሥራ ዓመታት እንደሚፈጅና በአንድ የበጀት ዓመት ገንዘብ እንደማይገዛ የሚያስረዳ የቅርብ ምሳሌ ነው።

ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ክፍል የበጀቱ ንባብ ነው፤ ብዙ ክርክር የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ጥንቃቄ የዘመን አቆጣጠር ነው። የ2015 በጀት ዓመት የሚባለው ሐምሌ 1 ቀን 2014 ጀምሮ ሰኔ 30 ቀን 2015 የሚያበቃ ሲሆን፣ የውጭ ጽሑፎች 2022/23 ይሉታል። ይህንን ያልለየ ተከራካሪ የአንዱን ዓመት ወጪ ለሌላው ሰጥቶ ሲሟገት ይውላል። ሁለተኛው ጥንቃቄ ድርሻን ማስላት ነው። በሰሌዳው ላይ ሦስት ረድፍ ይሠመር። ለ2014 ከጸደቀው ወደ 561.7 ቢሊዮን ብር ከሚጠጋ የፌዴራል በጀት ለመከላከያ የተያዘው 22 ቢሊዮን ስለነበር ድርሻው ወደ 4 በመቶ ይጠጋል። ለ2015 ከ786.6 ቢሊዮን 84 ቢሊዮን ነበር፤ ይህም ከ10 በመቶ በላይ ነው። ለ2016 ደግሞ ከ801.6 ቢሊዮን 50 ቢሊዮን ሆኖ ወደ 6 በመቶ ግድም ወረደ። ሒሳቡን ከተሳታፊዎች አንዱ በጠመኔ ቢሠራው ከአወያዩ ንግግር የበለጠ ያሳምናል።

ከዚያ የመጀመሪያውን ረድፍ እንደገና ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በ2014 አጋማሽ የ122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት ጸድቆ አብዛኛው ለመከላከያ ውሏል። መጀመሪያ የጸደቀውን ብቻ ያነበበ ሰው ያንን ዓመት የቁጠባ ዓመት አድርጎ ይቆጥረዋል፤ በእርግጥ ግን የጦርነት ዓመት ነበር። ስለዚህ ማንኛውም የመከላከያ ቁጥር ሲጠቀስ «የጸደቀው ነው፣ ተጨማሪው የገባበት ነው ወይስ በእርግጥ የወጣው?» ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነው። ሦስተኛው ጥንቃቄ ምንዛሬ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከ57 ብር በላይ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ወራት ከእጥፍ ወደማያንስ ደረጃ ስለደረሰ፣ በዶላር የተጻፈ ቁጥር የመከላከያ ወጪ በድንገት የወረደ ሊያስመስል ይችላል። በብር የተጻፈው ደግሞ በዋጋ ንረት ምክንያት ያደገ ይመስላል። መርከብ፣ ሞተርና ራዳር የሚገዙት በውጭ ምንዛሬ፣ ደመወዝና ስንቅ ግን በብር ስለሆነ ሁለቱንም ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይሻላል።

ከዚህ በኋላ የዛሬው ክርክር ይከፈት። ባሕር ኃይሉን መልሶ የማቋቋም ሐሳብ በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ በይፋ ተነገረ፤ በ2011 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ማክሮን አዲስ አበባ ሲመጡ ለዚሁ ዓላማ ድጋፍን ያካተተ የመከላከያ ስምምነት ተፈረመ፤ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ግን ትብብሩ ቆመ። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ስለ ባሕር በር ከሶማሊላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ከሞቃዲሾ ጋር ከባድ ውዝግብ አስነሳ፤ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሶማሊያ በአንካራ ያወጡት የጋራ መግለጫም ውጥረቱን አረገበው። ለማነጻጸር ቦሊቪያን ማንሳት ይቻላል። ይህች አገር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከቺሊ ጋር ባደረገችው ጦርነት የባሕር ዳርቻዋን ብታጣም እ.ኤ.አ. በ1963 ያቋቋመችው ባሕር ኃይል በቲቲካካ ሐይቅና በወንዞቿ ላይ ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ግን የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ቺሊ የባሕር መውጫ ለመስጠት የመደራደር ግዴታ የለባትም ሲል ወሰነ። ተሳታፊዎች «የቦሊቪያ መንገድ ለእኛ ይሠራል?» በሚለው ላይ በነጻነት ይለያዩ። የንግድ መርከብና የጦር መርከብ እንዳይምታቱም መጠበቅ ያስፈልጋል፤ የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ድርጅታችን ያለ ባሕር ኃይልም መርከቦቹን ሲያንቀሳቅስ ቆይቷልና።

አዳራሹን በተመለከተ፣ ድሬዳዋ ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ሙቀቱ ሰውን ስለሚያዳክም ከዚያ በኋላ ይጀመር፤ ዐርብ ቀትርና የረመዳን ምሽቶች ይለፉ። ውይይቱ በአማርኛ ቢመራም ኦሮምኛና ሶማልኛ ለሚቀናቸው ሰዎች አጠገባቸው ሆኖ የሚያስረዳ ሰው መመደብ አለበት። በአዳራሹ ውስጥ ሐርጌሳ፣ ጅቡቲ ወይም ሞቃዲሾ ወንድም ያለው ሰው መኖሩ አይቀርምና ስለ ዘይላና ስለ በርበራ ሲነገር የሕዝብ ስም በክፉ እንዳይነሳ አወያዩ ከመጀመሪያው ያሳስብ። ይህንን ማሳሰቢያ የማይሰጥ አወያይ ባይመራ እመርጣለሁ።

የቀድሞ ወታደሮችን መጋበዝ ለውይይቱ ክብደት ይሰጠዋል፤ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ድሬዳዋና ሐረር በሶማሊያ ጦር ሲጠቁ የነበሩ ሰዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ። እንግዳው በማዕረጉ፣ «ሻለቃ» ወይም «ሻምበል» ተብሎ፣ በ«እርስዎ» ይጠራ፤ ማዕረጉ የማይታወቅ ከሆነ «ጋሼ» ማለት አያሳፍርም። «ስንት ሰው ገደሉ?» የሚል ጥያቄ በጭራሽ እንዳይቀርብ ይከልከል። በምትኩ «ሻምበል፣ ትእዛዝ ከማን ይደርስዎት ነበር? ነዳጅና ስንቅ ሲጎድል ማንን ይጠይቁ ነበር? የተመደበው ገንዘብስ ወደ ክፍልዎ ሲደርስ ምን ያህል ጊዜ ይወስድ ነበር?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ስለ አመራርና ስለ ወጪ ከማንኛውም ሰነድ ያልተናነሰ ያስተምራል። ስለ ዛሬው ሠራዊት ስምሪት፣ ብዛትና ቦታ ግን አይጠየቅ፤ ለዚህ ውይይት በይፋ የወጣው አዋጅና የበጀት ሰነድ ይበቃል።

በመጨረሻ መልስ ያላገኙ ጥያቄዎች በጽሑፍ ተሰብስበው ለአካባቢው የሕዝብ ተወካይ ይላኩ። በጀትን የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲሆን፣ በአንቀጽ 101 የተቋቋመው ዋና ኦዲተርም ሪፖርቱን የሚያቀርበው ለዚሁ ምክር ቤት ነው። ደብዳቤው አጭርና ተጨባጭ ይሁን፤ «የባሕር ኃይሉ የሥልጠናና የጥገና ዓመታዊ ወጪ በየትኛው የበጀት ርዕስ ሥር ተይዟል?» የሚል ጥያቄ «ባሕር ኃይል ለምን ያስፈልጋል?» ከሚለው ይልቅ መልስ የማግኘት ዕድል አለው። የበጀት ረቂቁ በግንቦት መጨረሻ ወይም በሰኔ ለምክር ቤቱ ስለሚቀርብ የመጀመሪያውን ውይይት በግንቦት፣ ሁለተኛውን ደግሞ በጀቱ ከጸደቀ በኋላ በሐምሌ ማድረግ፣ ሰሌዳው ላይም የአዲሱን ዓመት ረድፍ ጨምሮ ከቀደሙት ጋር ማነጻጸር ይቻላል።