እናት ወይ አባት በልጅነታቸው የሞተባቸውን ልጆች በማህበር እንዴት እንደግፍ

እናቴ የሞተችው እኔ ዘጠኝ አመቴ ላይ ነው፣ እዚሁ ጂማ። ለቀስተኛው መቀመጫ አጥቶ፣ ዝናቡ የድንኳኑን ሸራ ሲደበድበው ትዝ ይለኛል። ከሰልስት በኋላ እድሩ ድንኳኑንም ወንበሩንም ጭኖ ሄደ፣ አባቴና እኔ ከታናሽ እህቴ ጋር ጭር ባለ ቤት ቀረን፣ ለኔ ሀዘኑ የጀመረው ያኔ ነው። ስለዚ ሰንበቴም በሉት የሰንበት ትምህርት ቤት፣ መጀመሪያ የምትነጋገሩት ከሰልስት በኋላ ማን ይሄዳል የሚለውን ይሁን።

ለአንድ ቤት ሁለት ሰው መድቡ፣ ሁላችንም እንጠይቃቸዋለን ከተባለ ማንም አይሄድም። ቀኑም ይታወቅ፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ከሰአት፣ ቢያንስ እስከ ሙት አመቱ። እመጣለሁ ካላችሁ አትቅሩ፣ ልጅ በር ላይ ቆሞ ነው የሚጠብቀው።

የምትወስዱትን ጓዳቸውን የሚያውቅ ጎረቤት ጠይቃችሁ ውሰዱ፣ ዘይት ሽሮ ሳሙና፣ መስከረም ሲደርስ ደብተርና ዩኒፎርም። የምታግዙት ቤተሰብ ሙስሊም ከሆነ (ጂማ ላይ ጎረቤት ማለት ይሄ ነው) የስጋ ወጥ ሰርታችሁ አትሂዱ፣ ዱቄት ዘይት ስኳር ይሻላል። ለኛ እኮ ሁለት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ቂጣ ጋግረው ያመጡልን የነበሩት ሙስሊም ጎረቤታችን ናቸው። እባካችሁ ስትሰጡ ልጆቹን ፎቶ አታንሱ፣ ነገ ክፍል ውስጥ ጓደኞቻቸው ያዩታል።

ለልጅ ሞትን አትደብቁ። እህቴን እማዬ አዲሳባ ለህክምና ሄዳለች ብለዋት መናኸሪያ አካባቢ ባለፍን ቁጥር ከአውቶቢስ የሚወርደውን ሰው አንድ በአንድ ታይ ነበር። እግዚአብሔር ስለወደዳት ወሰዳት ማለትም ልጅን ያስፈራል፣ እኔንም ከወደደኝ ይወስደኛል ብሎ ነው የሚያስበው። ሞታለች በሉት፣ አልቅሶ ሲጨርስ ደግሞ ስለ እናቱ አውሩለት። እኔን የመዝሙር አስተማሪያችን አንድ ቀን ጠርቶ "እናትህ እዚህ ጋ ቆማ ነበር የምትዘምረው፣ ድምፅዋ ያምር ነበር" አለኝና ቦታውን አሳየኝ፣ ከዛ በኋላ ሁሌ እዛው ነበር የምቆመው።

ልጁ ሳምንታት አልፈውም የማይበላ፣ የማይተኛ፣ ትምህርት ቤት አልሄድም የሚል ከሆነ ጸሎቱና ጠበሉ እንዳለ ሆኖ ሐኪም ጋ ውሰዱት፣ ጂማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ህክምና አለ።

የ40 ተዝካር ላይ አባትየው ተበድሮ ሊደግስ ሲል ዝም አትበሉ። ፍትሐቱና ጸሎቱ ይደረግ፣ የድግሱ ብር ግን ለልጆቹ ትምህርት ቢሆን እንደሚሻል የንስሐ አባታቸው ቢነግሯቸው ይሰማሉ።

የመጀመሪያው በዓል ከሁሉም ይከብዳል። የተሰራ ዶሮ ወጥ ከመላክ ዋዜማውን እነሱ ቤት ሂዱና ሽንኩርቱን እዛው ክተፉ፣ ልጆቹም ይላጡ፣ እንቁላሉንም እነሱ ይቀቅሉ፣ ቤቱ በዓል በዓል ይሽተት።