የኪራይ ገቢን በ12 ሳይሆን በ10 ወር ማስላት

ለማከራየት የሚገዛ ቤት ሲታይ የወር ኪራዩን በ12 ማባዛት የተለመደ ቢሆንም፣ ይህ ስሌት ቤቱ አንዱ ተከራይ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ባዶ የሚቆይበትን ጊዜ፣ የቀለምና የቧንቧ ጥገናን እንዲሁም ግብርን ስለሚዘነጋ ከእውነተኛው ገቢ ይርቃል። በ12 ፈንታ በ10 ያባዙ፤ ቀሪዎቹ ሁለት ወራት የእነዚህ ወጪዎች መሸፈኛ ይሆናሉ። ዋጋው የወር ኪራዩን 200 እጥፍ የሆነ ቤት በ12 ሲሰላ በዓመት 6 በመቶ የሚያስገኝ ይመስላል፤ በ10 ሲሰላ ግን 5 በመቶ ነው (ሻጮች ሁለተኛውን ቁጥር ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም)። ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ በ5.5 በመቶ ወለድ የተበደሩት ከሆነ፣ አትራፊ የመሰለው ግዢ ከኪስ የሚያስጨምር ሆኖ ይገኛል። ላረጀ ሕንፃ ወደ 9 ዝቅ ማድረግ ይሻላል፤ ቤቱ የሚገዛው ቶሎ መልሶ ለመሸጥ ከሆነ ግን ዘዴው አያገለግልም።