የቀንድ መግረፊያ ስትሠሩ አትቸኩሉ

“ጋሼ፣ ጠመመብኝ።”

አንድ ልጅ ከኪሱ አውጥቶ ያሳየኝ የኡድ መግረፊያ እንደ ማንኪያ ጎብጧል። ኡድ የዐረቦቹ ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ ነው፤ መግረፊያው ክሩን የምንመታበት ስስ ቁራጭ። እጁ ግን ጥሩ ነው፤ ጠርዙን አስተካክሎ፣ ጫፉን ወልውሎ ሦስት ቀን ለፍቶበታል። ቀንዱን ከየት አመጣኸው ብዬ ጠየቅሁት። “ለፋሲካ ከታረደው በሬ።” መቼ ቆረጥከው? “በማግስቱ።”

ባሕር ዳር ውስጥ ክራር የሚገርፍ ሞልቷል፤ ኡድ የያዘው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ መግረፊያውን ራሳችን እንሠራለን። ዐረቦቹ ሪሻ ይሉታል፤ ላባ ማለት ነው፤ ድሮ ከንስር ላባ ይሠራ ስለነበር። ቀንድ ደግሞ እዚህ አይጠፋም። የፎገራ በሬ ቀንድ አጭር ነው ብለው የሚንቁ አሉ፤ ለእኛ 12 ሳንቲሜትር ከተገኘ ይበቃል።

እርጥብ ቀንድ መቁረጥ ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው። ስንቱን ልጅ አልቅሼ እንደ ነገርኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ቀንድ እንደ ጥፍራችን ነው፤ የሁለቱም ሥሪት ኬራቲን ነው። ውኃ ይጠጣል፣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሸማቀቃል። የውስጡን አጥንት ለማውጣት ስትቀቅሉት ደግሞ ውኃ ጠግቦ ነው የሚወጣው። በዚያው ቀን ስስ አድርጋችሁ ከቆረጣችሁት ሁለቱ ፊቶች እኩል አይደርቁም። ቀድሞ የደረቀው ወገን ሌላውን ይስበዋል፤ መግረፊያውም ይጎብጣል።

መጀመሪያ ወፈር ባለ ቁራጭ ሰንጥቁት። ጥላና አየር ያለበት ቦታ አስቀምጡትና እርሱት። እኔ ከሁለት ወር በታች አልነካውም። ጣና ዳር ክረምቱ እርጥብ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ቀጭን ሥራ አልጀምርም። መድረሱን ለማወቅ ቁራጩን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አጋድሙና በጣት ጫን አድርጉት። ምን ያህል እንደሚወዛወዝ ልብ በሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስትመለሱ ያው ከሆነ ደርቋል።

ፀሐይ ላይ አውጥቶ ማፍጠንም መፍትሔ አይደለም። ጀማሪ ሳለሁ አንድ ሙሉ ቀንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አሰጣሁ። ማታ ስወጣ ከሥሩ እስከ ጫፉ ተሰንጥቆ አገኘሁት። ያንን ቀንድ ዛሬም አልረሳሁትም።

አግድም አትቁረጡ። የቀንዱ ጭረት ከሥር ወደ ጫፍ ይሄዳል፤ መግረፊያውም በዚያው መስመር ይውጣ። አለዚያ ቀጭ ይላል።

በግራይንደር የሚያሳሱትም አሉ። የተቃጠለ ፀጉር ከሸተታችሁ አለቀለት፤ የተቃጠለ ቀንድ ይሰባበራል። መጋዝ፣ ሞረድ፣ ከዚያ የተሰበረ ብርጭቆ ጠርዝ ይበቃል። ብርጭቆውን ቀጥ አድርጋችሁ ስትስቡት ቀንዱ እንደ ስስ ልጣጭ እየተጠቀለለ ይወርዳል። ደስ የሚል ሥራ ነው። አቧራው ግን ሳንባ ይጎዳል፤ ማስክ አድርጉ።

ውፍረቱ ላይም ችኮላ አለ። የተፋቀ አይመለስም። መያዣው 1 ሚሊሜትር አካባቢ ሲደርስ አቁሙና ኡዱን አንስታችሁ ሞክሩት። እኔ ጫፉን ወደ 0.7 አወርደዋለሁ። ከዚያ በታች ወፍራሞቹ ክሮች ላይ ይልፈሰፈሳል።

አንዱን ጠርዝ ብቻ ማለስለስ የተለመደ ስህተት ነው። ኡድ ወደ ታችም ወደ ላይም ይመታል፤ ያልለሰለሰው ወገን ክሩን ይቧጭራል። በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምሩ፣ በ800 ቀጥሉ፣ በ1500 ጨርሱ። በመጨረሻ ቆዳ ላይ እሹት። ፈተናው ነጠላ ነው። ጫፉን በነጠላው ላይ በቀስታ ጎትቱት፤ አንዲት ክር እንኳ ከመዘዘ ገና ነው።

ከተሠራ በኋላ ቅቤ አትቀቡት፤ ይሸታል። አንድ ጠብታ የወይራ ዘይት ቀብቶ በደንብ መወልወል ይበቃል። ባጃጅ መስታወት ሥር፣ ፀሐይ ላይ አትተዉት። በፌስታል ጠቅልሎ ማስቀመጥም በክረምት ያሻግተዋል። ብልም ይወደዋል፤ ሱፍ የሚበላው ብል ቀንድም ይበላል። ኡዱ ቦርሳ ውስጥ ለወራት የተቀመጠ መግረፊያ ተቦርቡሮ አይቻለሁ። አልፎ አልፎ አውጥታችሁ እዩት። ጫፉ ሲበላም አትጣሉት፤ ትንሽ ቆርጣችሁ እንደገና አሹሉት። ረዘም አድርጎ መሥራት የሚጠቅመው ለዚህም ነው።

ለልጁ ከርሞ የደረቀ ቁራጭ ሰጠሁት። የጎበጠውንም አላስጣልኩትም። ሙቅ ውኃ ውስጥ አለስልሶ፣ በሁለት ጣውላ መሐል አጥብቆ ያስረዋል። ቢቀዘቅዝም አይፍታው፤ እዚያው ታስሮ ይድረቅ። ሳይደርቅ ከፈታው ግን ተመልሶ ማንኪያ ይሆናል።