ከኮዬ ፈጬ ተመላልሶ ለሚሰራ ሰው፦ የስራ ቀኑን አርዝሞ አንድ ቀን እረፍት እንዴት ይገኛል?

ኮንዶሚኒየም ኮዬ ወይ ቱሉ ዲምቱ ደርሷችሁ ስራችሁ ግን ሜክሲኮ ወይ ቦሌ ከሆነ፣ አንድ ቀን ከስራ መቅረት ማለት የደርሶ መልስ ታክሲውም ሰልፉም ቀረ ማለት ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱን አስሉት። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሰረት መደበኛው ስራ ቢበዛ በቀን 8 በሳምንት 48 ሰዓት ነው። የስራው ጸባይ የሚጠይቅ ከሆነ ግን ከአንዱ ቀን ቀንሶ ሌሎቹ ላይ ማከፋፈል ይቻላል፣ በቀን ከ2 ሰዓት በላይ እስካልጨመረ ድረስ። ስለዚ 48ን ለ5 ቀን ስታካፍሉት 9 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ይመጣል፣ ከ10 አላለፈም። ለ4 ቀን ካካፈላችሁት 12 ሰዓት ስለሚሆን እሱን እርሱት፣ 4 ቀን የሚያዋጣው ድሮም በሳምንት 40 ሰዓት ለሚሰራ ሰው ነው። (የመንግስት መስሪያ ቤት ሰራተኛ ከሆናችሁ ሕጉ ሌላ ነው።)

ከዛ ጭማሪውን ወደ ጠዋት ግፉት። ጠዋት 1 ሰዓት ገብታችሁ ከአንድ ሰዓት ምሳ ጋር 11:36 ትወጣላችሁ ማለት ነው፣ ማታ ላይ ከጨመራችሁት ግን ሰልፉ መሀል ነው የምትገቡት። ከኮዬ 12 ሰዓት ሳይሞላ የወጣና 12:30 የወጣ ሰው እኩል አይደርሱም፣ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቢሮው በዛ ሰዓት ይከፈት እንደሆነ፣ ቁልፉ ማን ጋር እንደሚያድር ቀድማችሁ ጠይቁ።

የእረፍቱን ቀን ስትመርጡ ሁሉም ሰው ቅዳሜን ነው የሚለው፣ እኔ ግን ረቡዕ ወይ ሐሙስ እላለሁ፣ ወረዳም ባንክም ክፍት ነው፣ ደሞ ብሎካችሁ ውሃ በፈረቃ የሚመጣለት ከሆነ በፈረቃችሁ ቀን አድርጉት፣ ልብሱም ይታጠባል ጀሪካኑም ይሞላል።

አሁን ማመልከቻ ጻፉ። "ታክሲ አስቸገረኝ" አትበሉ፣ አለቃ የሚሰማው ስራው ምን እንደሚጠቀም ነው፦ ጠዋት ደንበኛ ሳይመጣ ምን እንደምትጨርሱ፣ በሌላችሁበት ቀን ማን እንደሚሸፍን። ለ3 ወር እንሞክረው በሏቸው።

እሺ ካሉ በቃል ብቻ አትቀበሉ፣ ማህተም ያለበት ደብዳቤ ይሁን። ደብዳቤው ላይ የዓመት ፈቃድ እንዴት እንደሚቆጠር፣ በዓል የእረፍት ቀናችሁ ላይ ሲውል ምን እንደሚደረግ፣ በቀን ከ9 ሰዓት ከ36 ደቂቃ በላይ የሰራችሁት ትርፍ ሰዓት ተብሎ እንደሚከፈል (ቀን ላይ ቢያንስ በ1.5 እጥፍ ነው) በግልጽ ይጻፍ። በእረፍታችሁ ቀን "ለአንድ ሰዓት ብቻ ብቅ በሉ" ከተባለም በዛው ሳምንት ሌላ ሙሉ ቀን እንዲተካላችሁ አስጽፉ፣ ምክንያቱም ከኮዬ ለአንድ ሰዓት ብቅ ብሎ መመለስ ቀኑን ይበላዋል።