ዊንተር ላይ ትራክ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ትሬለር የምትጎትቱ ወንድሞችና እህቶች፣ በረዶ ላይ የሚገጥመን ችግር መንገድ ላይ ይታይ እንጂ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ማታ መኪናውን ያቆምን ሰአት ነው። ስለዚ መፍትሄውን ብቻ ሳይሆን ዋዜማውን ምን መደረግ እንደነበረበትም አብሬ እጽፋለሁ።

ሞተሩ ይነሳል፣ ትንሽ ሄዶ ጉልበት አጥቶ ይጠፋል

ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ከሆነና ብርዱ ኃይለኛ ከሆነ ኢንጀክተር ነው ብላችሁ ከመደንገጣችሁ በፊት ናፍጣውን ጠርጥሩ። ናፍጣ ውስጥ ሰም አለ፣ ሲቀዘቅዝ እየረጋ ፊልትሮውን ይደፍነዋል፣ ለብርድ ያልተዘጋጀ ናፍጣ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ሲደርስ ሰሙ መታየት ሊጀምር ይችላል። መፍትሄው ፊልትሮውን መቀየር፣ የረጋውን ለማቅለጥ ተብሎ የተሰራውን ኬሚካል መጨመር፣ ከተቻለም መኪናውን ሙቀት ያለበት ጋራዥ ማስገባት ነው። ተራው አንቲጄል (ናፍጣ እንዳይረጋ የሚጨመረው ኬሚካል) ከረጋ በኋላ አያድንም፣ ናፍጣው ገና ሳይቀዘቅዝ፣ ከመቅዳታችሁ በፊት ሰልባቲዮው ውስጥ ጨምሩት፣ ሲቀዳ አብሮ ይደባለቃል። ቤንዚን ቀላቅሎ ማቅጠን ወይም ከስር እሳት ማንደድ የሚባለውን ነገር ግን እባካችሁ አትሞክሩት።

ፍሬን ለቃችሁ ትሬለሩ እምቢ ይላል

ማታ እርጥብ መንገድ ላይ ስትነዱ ቆይታችሁ ቀጥ ብላችሁ ካቆማችሁ፣ ፍሬን ሸራው ላይ ያለው ውሃ ከታምቡሩ ጋር አጣብቆት ያድራል። ጋዝ ረግጣችሁ በጉልበት አትጎትቱ፣ ጎማው ሳይዞር እየተፋቀ ይሄድና አንድ ጎኑ ይበላል። ቀስ ብላችሁ ወደፊትና ወደኋላ ሞክሩት፣ ካልለቀቀ ሌላ ጎማ ስር ታኮ አድርጋችሁ ታምቡሩን በመዶሻ መታ መታ አድርጉ። ስትነሱም ሁሉም ጎማ እየዞረ መሆኑን በስፖኪዮ እዩ።

ዋዜማው ላይ ደግሞ ከማቆማችሁ በፊት ፍሬኑን ለስለስ አድርጋችሁ እየያዛችሁ አድርቁት፣ ፍሬኑን የሚያሰሩትን የአየር ታንኮችም በየቀኑ ውሃቸውን አፍስሱ። አየር ውስጥ ያለው ውሃ ቫልቭ ውስጥ ከረጋ ፍሬን ጭራሽ ላይሰራ ይችላል። የአየር መስመር ውስጥ አልኮል ማፍሰስ ጎሚኒዎቹን ስለሚጎዳ እኔ አልመክርም፣ የአየር ማድረቂያውን ፊልትሮ በጊዜው መቀየር ይሻላል።

መንገዱ እርጥብ ይመስላል፣ ከጎማ የሚረጭ ውሃ ግን የለም

ይሄን ምልክት አደራ እንዳትንቁት። ከፊታችሁ ያሉት መኪኖች ውሃ መርጨታቸውን ካቆሙ፣ ወይ የስፖኪዮው ፊት ለፊት ላይ በረዶ መጋገር ከጀመረ፣ ወይ መሪው ድንገት ከቀለላችሁ፣ ብላክ አይስ ላይ ናችሁ፣ አስፋልቱ ላይ የረጋ ለአይን የማይታይ ስስ በረዶ ማለት ነው። ሙቀቱ ዜሮ አካባቢ ሲሆን ነው በጣም የሚያንሸራትተው፣ ድልድይ ደግሞ ከስሩም ብርድ ስለሚመታው ከሌላው መንገድ ቀድሞ ይረጋል።

እግራችሁን ከጋዝ ቀስ ብላችሁ አንሱ፣ ክሩዝ ኮንትሮል አጥፉ፣ ፍሬን ደፍጥጣችሁ አትያዙ። የሞተር ፍሬን ወይ ሪታርደር (ፍሬን ሳትረግጡ መኪናውን የሚያዘገየው) ከሆነ ያበራችሁት እሱንም አጥፉ፣ ምክንያቱም የሚይዘው ገፊ ጎማዎቹን፣ ሞተሩ የሚያዞራቸውን ብቻ ነው፣ በተለይ ባዶ ስትሆኑ እነሱ ከተንሸራተቱ ትሬለሩ ከኋላ ገፍቶ መኪናውን እንደ ሰንጢ ያጣጥፈዋል። ከፊታችሁ ካለው መኪና የምትጠብቁትን ርቀት በተመለከተ ደህና መንገድ ላይ እንኳን ለእያንዳንዱ 3 ሜትር የመኪና ርዝመት 1 ሰከንድ ነው የሚባለው፣ 18 ሜትር ከሆነ 6 ሰከንድ፣ በሰአት ከ65 ኪሎሜትር በላይ ስትሄዱ ደግሞ 1 ሰከንድ ጨምሩ፣ በረዶ ላይ ከዛ በጣም ማብዛት ነው። ፍጥነት እርጥብ መንገድ ላይ በሲሶ፣ የተጠቀጠቀ በረዶ ላይ በግማሽ ይቀነሳል፣ ብላክ አይስ ላይ ግን በቃ እየተሳባችሁ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ። ጭነት የሚመድብላችሁ ዲስፓቸር ቢደውል ቢጨቃጨቅ መሪውን የያዛችሁት እናንተ ናችሁ፣ አልሄድም ማለት መብታችሁ ነው።

ትሬለሩ በስፖኪዮ ወደ ጎን ሲወጣ ይታያል

የትሬለሩ ጎማ ተቆልፏል ማለት ነው። ፍሬኑን ልቀቁ፣ ጎማው መዞር ሲጀምር መስመሩን ይይዛል። በትሬለሩ የእጅ ፍሬን ላስተካክለው ማለት ያባብሰዋል፣ መጀመሪያም የቆለፈው ፍሬን ነውና።

ከኋላ የመጣ ሰው አላየኋችሁም ይላል

ኤልኢዲ መብራት ስለማይሞቅ በረዶውን አያቀልጠውም። በቆማችሁ ቁጥር የኋላውን መብራት በእጃችሁ ጥረጉት።

በረዶ ውስጥ ተቀርቅራችሁ ስታድሩ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ

ድካም ነው ብላችሁ አትተኙ። ጭስ ማውጫው በበረዶ ተደፍኖ ካርቦን ሞኖክሳይድ ጋቢና እየገባ ሊሆን ይችላል፣ ሽታ የለውም። ወዲያው ሞተር አጥፍታችሁ ውጡ፣ አየር አግኙ፣ እርዳታ ጥሩ። ጭስ ማውጫውን ዙሪያውን ሳትጠርጉ ሞተር እንዳታስነሱ፣ በረዶው እየወረደ ከሆነም ሌሊቱን እየወጣችሁ ደግማችሁ ጥረጉት።