የባህላዊ መሪዎችን ሹመትና ገንዘብ እንዴት መከታተል ይገባል?

የነባር ሕዝቦችን ባህላዊ አመራር እንዲከታተሉ ከተመደቡ፣ በቅድሚያ የሚያጣሩት መሥሪያ ቤትዎ መሪውን የመመዝገብ ሥልጣን ብቻ እንዳለው ወይም ዕውቅና እስከ መስጠት እንደሚደርስ ነው። የጋና የ1992 (እ.ኤ.አ.) ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 270፣ ለባህላዊ አለቃ ዕውቅና የመስጠትም ሆነ የመንፈግ መብት ለማንም የሚያጎናጽፍ ሕግ ፓርላማው እንዳያወጣ ይከለክላል፤ በደቡብ አፍሪካ ግን ተተኪውን ንጉሣዊው ቤተሰብ ይለያል፣ ዕውቅናውን መንግሥት ይሰጣል።

የተተኪነት ክርክር ሲቀርብልዎ ባህሉን ከአንድ ሽማግሌ አፍ ብቻ አይመዝግቡ። ሽማግሌዎችን፣ ሴቶችንና ወጣቶችን ለየብቻ አነጋግረው፣ ልማዱ በመጨረሻ መቼ እንደተሠራበትና በማን ላይ እንደተፈጸመ በቃለ ጉባኤ ያስፍሩ። ባህል ይለወጣል፤ ለውጡን የመወሰን መብትም የባለቤቱ ነው። በደቡብ አፍሪካ የቫሎዪ ማኅበረሰብ አለቃ በ1968 ወንድ ልጅ ሳይተኩ ሲሞቱ፣ ልጃቸው ቲንዪኮ ሺሉባና ሴት በመሆናቸው ታልፈው ሥልጣኑ ለአጎታቸው ተሰጠ። በ1990ዎቹ ማኅበረሰቡ ራሱ ሺሉባና እንዲሾሙ ወሰነ፤ የአጎታቸው ልጅ ውሳኔውን በመቃወም ክስ ቢመሠርትም፣ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ2008 ማኅበረሰቡ ልማዱን የማሻሻል ሥልጣን አለው ሲል ፈረደ። ተቆጣጣሪው የድሮ መዝገብ ይዞ «ባህላችሁ ይህ ነው» ቢል ኖሮ ውሳኔውን ባፈነው ነበር።

በገንዘብ ረገድ ግን ልዝብ መሆን አያስፈልግም። በጋና ከአለቆች መንበር መሬት (በአለቃው ሹመት ስም ለማኅበረሰቡ ከሚያዝ የጋራ መሬት) ከሚሰበሰበው ገቢ 10 በመቶው ለአስተዳደር ወጪ ይቀነስና፣ ከቀሪው 25 በመቶ ለመንበሩ፣ 20 በመቶ ለባህላዊው ምክር ቤት፣ 55 በመቶ ለወረዳው አስተዳደር ይከፋፈላል። ችግር የሚፈጠረው የመንበሩ ድርሻ የአለቃው የግል ኪስ ተደርጎ ሲታይ ነው፤ ስለዚህ የመንበሩ ሒሳብ ከግል ሒሳባቸው መለየቱን በባንክ መግለጫ እንጂ በቃል ማረጋገጫ አይቀበሉ።

አዲስ መመሪያ ከማውጣትዎ በፊት ሕዝቡን በየመንደሩና በቋንቋው ያማክሩ። የደቡብ አፍሪካ ፓርላማ በ2019 ያጸደቀውን የባህላዊና የኮይሳን (የኮይና የሳን ነባር ሕዝቦች) አመራር ሕግ፣ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ2023 ውድቅ ያደረገው ሕዝቡ በበቂ አልተሳተፈም በማለት ነው።

የሽረት አቤቱታ ሲመጣ ደግሞ ቀኑን ይመልከቱ። ከምርጫ ማግስት የቀረበ ከሆነ፣ አቤት ባዩ ከተፎካካሪ ፓርቲ ጋር ያለውን ግንኙነት ሳያጣሩ አይቀጥሉ። ክሱን ለመሪው በጽሑፍ ያድርሱ፤ መልሳቸውንም አቤቱታው በተነሣበት ጉባኤ ፊት ያስነብቡ።